የቤንዚን አምሮት

ነርሷ የጠየቀችው ጥያቄ ተራ ነበር። ልጄ ማህሌት የምርመራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ለማጥለቅ ትታገላለች፤ ሆዷ ገፍቶ ጎንበስ ማለት አቅቷታል። እኔ የእሷን ቦርሳና የውሃ ኮዳ ታቅፌ በሩ ሥር ቆሜያለሁ። ባሏ ዳዊት ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለወጣ ለእርግዝና ክትትል የማመላልሳት እኔ ነኝ፤ ጡረታ የወጣ ሹፌር ከዚህ የተሻለ ምን ሥራ አለው! ነርሷ፣ «ቤት ውስጥ በምንድን ነው የምታበስሉት?» አለቻት። «በኤሌክትሪክ ነው።» «መብራት ሲጠፋስ?» «እኔ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ ጎረቤቶቼ ግን ኮሪደሩ ላይ ከሰል ያቀጣጥላሉ።» «የምትተኚበት ክፍልስ አየር ይገባዋል? አዲስ ቀለም፣ ላምባ፣ ቤንዚን የሚሸት ነገር አጠገብሽ አለ?» ማህሌት ሳቀች። «ሲስተር፣ ሰሚት እኮ ነው የምኖረው፤ የማይሸተውን ብትጠይቂኝ ይቀላል።» ነርሷ አልሳቀችም። ፅንሱ ከዕድሜው አነስ ማለቱን፣ ምክንያቱ ብዙ ሊሆን እንደሚችል፣ እናት የምትተነፍሰው ግን ለልጁም እንደሚተርፍ፣ ከተወለደም በኋላ ሳንባው ገና በማደግ ላይ ስለሚሆን ጭስና ሽታ እንደማይስማማው በእርጋታ አስረዳቻት። «አንቺ ደግሞ አስም አለብሽ፤ ከሌላው ሰው የበለጠ ተጠንቀቂ» አለቻት። እኔ «ቤንዚን» ካለች በኋላ ያለውን የሰማሁት በግማሽ ጆሮ ነው።

በእኛ ጊዜ እርጉዝ ሴት እንዲህ ያለ ነገር አትጠየቅም ነበር። የምትጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም የሚጠይቃት መንደሩ በሙሉ ነው፦ «ምን አማረሽ?» ይህን እያሰብኩ ከጤና ጣቢያው ወጣንና ወደ ሰሚት የሚሄድ ሚኒባስ ያዝን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መኪናው ውስጥ የሰው ትንፋሽ፣ ሽቶና ካልሲ ተቀላቅሏል። ማህሌት ከጎኗ ያለውን መስኮት ጣት በሚያስገባ ያህል ገርበብ ብታደርገው ከኋላ አንዲት እናት፣ «ልጄ፣ እባክሽ ዝጊው፣ ብርድ ገባ» አሏት። ዘጋችው። እኔ ታክሲ ስነዳ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ከተሳፋሪ ጋር የተጣላሁት ከታሪፍ ይልቅ በመስኮት ነው። የአዲስ አበባ ሰው ከጅብ ይልቅ የተከፈተ መስኮት ይፈራል። ጅብ ቢያንስ ሲመጣ ይጮሃል፤ ብርድ ግን ድምፅ የለውም ይላሉ። መኪናው በገርጂ በኩል ሲታጠፍ ማህሌት ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ እኔ ግን በመስታወቱ ወደ ውጭ እያየሁ የድሮው ቤታችን በየትኛው ፎቅ ሥር እንደተቀበረ ለመገመት እሞክር ነበር።

ያኔ ገርጂ ከተማ አልነበረችም፤ የከተማ ጎረቤት ነበረች። ከመገናኛ ወዲህ አስፋልቱ ያልቅና ኮረኮንች ይጀምራል፤ ኮረኮንቹም ያልቅና ጭቃው ይረከበናል። ክረምት ላይ የቢሮ ሰዎች ቦቲ አጥልቀው፣ ጫማቸውን በፌስታል አንጠልጥለው ይመጡና እኔ ታክሲ ውስጥ ይቀይራሉ፤ ቦቲያቸውን ሱቅ አደራ ሰጥተው የሚሄዱም ነበሩ። ዛሬ ፎቅ በፎቅ የሆነው ሰሚት ጤፍ ይታጨድበት ነበር። አውሮፕላን ከቦሌ ሲነሳ የቤታችንን ቆርቆሮ አንቀጥቅጦ ስለሚያልፍ፣ እንግዳ ከመጣ ጨዋታችንን አቋርጠን እስኪያልፍ እንጠብቅና ካቆምንበት እንቀጥላለን። የምነዳው ውይይት ነበር፤ ያቺ ሰማያዊና ነጭ፣ ተሳፋሪው ከኋላ ፊት ለፊት ተፋጦ ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ የሚቀመጥባት መኪና። ሽልንግ የሰጠኝ ሰው መልስ ይጠብቃል፤ እኔም እመልሳለሁ። በስሙኒ ዳቦ ይገዛል። ካሴት ከፍቼ ስመላለስ ጉድጓድ በገባን ቁጥር ቴፑ ይንተባተባል፤ ተሳፋሪው ዘፈኑን በቃሉ ስለሚያውቀው የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። አንዳንዴ ከኋላ የሚዘፍኑት ከዘፋኙ ይሻሉ ነበር።

ባለቤቴን አስካለን ያገኘኋትም በዚያችው መኪና ነው። ልብስ ስፌት ቤት ቁልፍ ትተክል ነበር። አረንጓዴ ባለአበባ ቀሚስ፣ ነጭ ሹራብ፣ ተረከዙ ወፈር ያለ ጫማ፤ ፀጉሯ ከኋላ በጥቁር ሪቫን የታሰረ። ሌላው ሰው ከኋላ ሲጋፋ እሷ «ጋቢና ከሌለ ቀጣዩን እጠብቃለሁ» ብላ ትቆማለች። እኔን ብላ መስሎኝ ጋቢናውን በሰበብ በአስባቡ ባዶ እያደረግሁ መገናኛ እደርስ ነበር። ከተጋባን በኋላ ስጠይቃት፣ «ቀሚሴ እንዳይጨማደድ ነበር እኮ» አለችኝ። ቢሆንም ተጋባን። አንድ ቪላ ጓሮ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ተከራየን፤ አንድ ክፍል፣ አንድ መስኮት፤ መስኮቱም የሚያየው የአጥሩን ግንብ ነው። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ ከአልጋው ግርጌ ደግሞ የለስላሳ ሳጥን ላይ የተቀመጠች የላምባ ምድጃ። ክሯ ሲያጥር ጥላሸት ትተፋለች፤ ስናጠፋት ያ የሚያስነጥስ ነጭ ጭሷ ክፍሉን ይሞላዋል። ወጣችን ጋዝ ጋዝ ይል ነበር፤ የሠርግ ልብሳችን ጋዝ ጋዝ ይል ነበር። ጋዝ ጋዝ የማይል ቤት የሀብታም ቤት ስለሆነ አይገርመንም ነበር።

ማርገዟን እንኳ የነገሩኝ የሾላ ገበያ ነጋዴዎች ናቸው። አብረን ሄደን በርበሬ ተራ ስንደርስ አስካለ አፍና አፍንጫዋን ይዛ ሮጠች። ሴቶቹ ወዲያው ገብቷቸው፣ «እንኳን ደስ ያለህ፣ አንተ ባለ ጃኬት!» እያሉ ሲጮሁብኝ እኔ ምንም አልገባኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት አይሆናት፣ ሳሙና አይሆናት፣ የጎረቤት ወጥ አይሆናት። ማታ ከሥራ ስገባ ግን በር ላይ ትጠብቀኝና አንገቴ ሥር ገብታ ቆየት ትላለች። ናፍቄያት መስሎኝ ልቤ ይሞቅ ነበር። አንድ ቀን ጃኬቴን ላወልቅ ስል እጄን ያዘችኝ። «ተወው፣ አታውልቀው።» «ምነው?» «ቤንዚኑ ደስ ይለኛል።» ያቺ ቡኒ የቆዳ ጃኬት ከሰልባጅ ተራ የገዛኋት ናት፤ ነዳጅ ስቀዳም ሞተር ስነካካም የማላወልቃት የሥራ ልብሴ ነበረች። ለካስ አስካለ ስታቅፍ የከረመችው ማደያውን ኖሯል። ተናደድኩም፣ ሳቅሁም።

እኔ ነገሩን በሳቅ ልተወው ብል አከራያችን እትዬ ጥሩነሽ የሚተዉ ሴት አልነበሩም። በዚያ ሰፈር ያለእሳቸው ፈቃድ ልጅ አይወለድም ማለት ይቀላል። በር ላይ አስቁመው፣ «አንተ ሹፌር፣ ሚስትህ አምሮት አለባት አሉ። ምን አደረግህላት?» አሉኝ። «እትዬ፣ ያማራት እኮ ቤንዚን ነው!» «ታዲያ የምትሠራው ምን ላይ ነው? ወተት ላይ ነው? አምሮት አይከለከልም! ነገ ልጁ ግንባሩ ላይ ምልክት ይዞ ቢወለድ ምን ልትል ነው? ለአንዲት ጭላፊ ሰስቼ ነው ልትል?» ይህን ሲሉ ግቢው ሁሉ ይሰማል፤ ሁሉም ከእሳቸው ጋር ነው። የንስሐ አባታችን እንኳ ሰምተው ስቀው፣ «ከጥሬ ሥጋ አምሮት ይሻላል፤ ጾም አያስፈታም» አሉ። ስለዚህ በየማታው ሥራ ስጨርስ ንጹሕ ጨርቅ ቤንዚን ነከር አደርግና በፌስታል ቋጥሬ እወስድላት ጀመር። ፌስታሉን ስትፈታ ፊቷ ላይ የማየው ደስታ ወርቅ ባመጣላት አይገኝም ነበር። ጨርቁን ትራሷ ሥር አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «አሁን ነፍሴ ገባች» ትላለች። የታክሲ ጓደኞቼ ተራ ስንጠብቅ፣ «ሚስትህ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች?» እያሉ ይሳለቁብኛል። እኔ ግን ኩራት ነበር የሚሰማኝ፤ ደሃ ሆኜ ሳለ ሚስቴ ያማራትን አላጣችም።

ማህሌት የተወለደችው በዚያ ክረምት ነው። ትንሽ ነበረች፤ ሁለት እጄን ባጣምር እላዩ ላይ የምታድር። እትዬ ጥሩነሽ በመብራት ገላዋን አገላብጠው አይተው፣ «ይኸው! አንድም ምልክት የለባት። አምሮቷ የተሟላላት እናት እንዲህ ትወልዳለች» ብለው እልልታውን ለቀቁት። ምልክት የለባት ሲሉ እንባዬ መጣ። ቀጥለው ዱቄት በጥብጠው የመስኮቱን ዙሪያ በጋዜጣ ለጠፉት፤ አራስ ብርድ ከመታት፣ ሕፃኗንም ምች ካገኛት ማን ይችለዋል? የላምባዋ ምድጃ ቀኑን ሙሉ ትነዳለች፤ ውሃ ታሞቃለች፣ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ሽንት ጨርቅ ታደርቃለች፣ ቤቱንም ታሞቃለች። ጠያቂው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ሲገባ ሁላችንም ባንድ አፍ «ቶሎ ዝጉት!» እንላለን። ገንፎው፣ ሳቁ፣ ላቡ፤ የሁሉም ፊት ያበራ ነበር። ከዚያ ክፍል የበለጠ ደስታ ያየሁበት ቦታ በዚህ ዓለም ላይ የለም፤ ይህን ዛሬም ብትጠይቁኝ አልክድም። አስካለ የልጅቷን አፍንጫ በጥጥ ስትጠርግ ጥጡ ግራጫ ሆኖ ይወጣ ነበር። «የማሕፀን ዕድፍ ነው፣ ይጠራል» አሉን። እስኪጠራ ጠበቅን።

መራመድ ስትጀምር ደረቷ ማፏጨት ጀመረ። ሊፈላ እንደቀረበ ማንቆርቆሪያ ያለ ድምፅ ነው፤ ከሌላ ክፍል ሆኖ ይሰማል። ጸበል ወሰድናት፣ ሐኪም ቤት ወሰድናት፣ ማር በነጭ ሽንኩርት አላስናት። አንድ ቀን ቸግሮኝ ጋቢና አስቀምጫት ሥራ ይዣት ወጣሁ፤ ነፋሱ ፊቷን ሲመታት አፏን ከፍታ እንደ ውሃ ስትጠጣው አየሁ፤ ፉጨቱም ረገብ አለ። ያን ጊዜ ሚኒባስ መንዳት ጀምሬ ነበር። ከዚያ ወዲያ ብዙውን ቀን ከእኔ ጋር ትውል ጀመር። መኪናዋ ውስጥ ሁለት ፓርቲ ተፈጠረ፤ መስኮት ይከፈት የምንል እኔና ማህሌት፣ ይዘጋ የሚል ሕዝቡ በሙሉ። ሴቶቹ፣ «አንተ አረመኔ፣ ይቺን የምታህል ልጅ ምች ልታስመታት ነው!» እያሉ ከኋላ በጥፊ ሊደርሱብኝ ይቃጣሉ። «አስም አለባት» ስላቸው፣ «አስሙማ የመጣባት በዚሁ ብርድ ነው!» ይሉኛል። ማህሌት ከፍ ስትል አንገቷን አውጥታ ከመገናኛ እስከ ገርጂ የሱቁን ስም ጮክ ብላ ታነባለች። ማንበብ ያስተማሯት ትምህርት ቤት ሳይሆን የሱቅ ታፔላዎች ናቸው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

አድጋ፣ ተምራ፣ ቦሌ አንድ ቢሮ የሒሳብ ሠራተኛ ሆነች። ሲያፍናት ወደ አፏ የምትነፋውን ፓፍ እስከ ዛሬ ከቦርሳዋ አትለየውም። ያ የቤንዚን ታሪክ ደግሞ የቤታችን ጨዋታ ሆኖ ቀረ። በየዓመት በዓሉ፣ ዶሮው ቀርቦ ሰው ሲጠግብ፣ አስካለ ትጀምረዋለች፤ እኔ የእትዬ ጥሩነሽን ድምፅ አወጣለሁ፤ ማህሌት ራሷ «እኔ እኮ በቤንዚን የተሠራሁ ነኝ» ትላለች። ዳዊት ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን የመጣ ዕለት ይህን ሰምቶ የበላው ትን እስኪለው ስቋል። ሰው እንደሚለው፣ ፎቶ የሌለው ቤት በወሬ ይተያያል፤ እኛም በዚያ ታሪክ ነበር ስንተያይ የኖርነው።

ከጤና ጣቢያው የተመለስን ዕለት አስካለ ምሳ ይዛ ሰሚት ማህሌት ቤት ጠብቃን ነበር። ፅንሱ አነሰ መባሉን ስትሰማ ደነገጠች፤ ግን እናት ናትና ልጇን ለማሳቅ ያንኑ ጨዋታ አመጣች። «አይዞሽ፣ አንቺም ትንሽ ነበርሽ። አባትሽ ያን ጨርቁን በፌስታል እያመጣልኝ...» ማህሌት እንደ ልማዷ ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቆመ። «እማ፣ በየቀኑ ነበር?» «ምኑ?» «ስታሸቺው። በየቀኑ ነበር?» አስካለ እኔን አየችኝ። እኔ ሳህኔን አየሁ። «አይ... በየቀኑ እንኳ...» አለችና ተነሥታ ያልተበላበትን ሳህን ሁሉ ሰብስባ ማጠብ ጀመረች። ማህሌት ወዲያው ገብቷት፣ «እማ፣ እኔ እንዲያው ነው፤ ተዪው በቃ፣ ይቅርታ» ብትላት ጀርባዋን አላዞረችም። ያ ጨዋታ ከዚያ ቀን ወዲህ ቤታችን ተነሥቶ አያውቅም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ማህሌት ሽንት ልትሰጥ ስትወጣ ነርሷን ለብቻዋ ጠየቅኋት። ነርሷም፣ «ጋሼ፣ ከዚያ ነው ብሎ ሊነግርዎት የሚችል ሰው የለም፤ አይደለም የሚልዎትም የለም» አለችኝ። አዎ ብትለኝ አለቅስ ነበር፤ አይደለም ብትለኝ እተኛ ነበር። እንዲሁ መሃል ላይ ቀረሁ።

ያለፈውስ አለፈ። የሚመጣውን ልጅ ግን እንጠብቀዋለን አልኩ፤ ሽማግሌ ብሆንም ጊዜ አለኝ፣ ጉልበትም አላጣሁም ብዬ። የማህሌት ቤት አራተኛ ፎቅ ነው። አዲስ ያስገባችው የኮምፔንሳቶ ቁም ሣጥን ሙጫው ዓይን ያቃጥላል፤ በረንዳ ላይ አወጣሁት፤ ዝናብ መጣና አበጠ። መስኮት ከፈትኩ፤ ፊት ለፊት ፎቅ እየተሠራ ነው፣ የሲሚንቶው አቧራ አልጋዋ ላይ ጣት የሚያስጽፍ ሆኖ አደረ። መስኮት ዘጋሁ፤ የኮሪደሩ የከሰል ጢስ በበሩ ሥር ገብቶ ታፍኖ ቀረ። አንሶላ በውሃ ነክሬ መስኮቱ ላይ ሰቀልኩ፤ ቤቱ ረጠበና ግድግዳው ሻገተ፣ ሻጋታው ደግሞ አስሙን ቀሰቀሰባት። «አባዬ፣ በፈጠረህ፣ ትንሽ ቁጭ በል» አለችኝ ፓፏን እየነፋች። ወደ እኛ ቤት ገርጂ እንዳልወስዳት ከድጡ ወደ ማጡ ነው፤ ከአጥራችን ቀጥሎ ጋራዥ ተከፍቶ ቀኑን ሙሉ መኪና ቀለም ይረጫል፤ አስካለ የሰጣችው ልብስ ባለነጠብጣብ ሆኖ ይገባል። የኮንዶሚኒየሙን ኮሚቴ ሰብሳቢ ሄጄ ስለ ከሰሉ አናገርኩት። ጨዋ ልጅ ነው፣ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ። «ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ግን መብራት ሲጠፋ ሰው ምን ይብላ? ከልክል ቢሉኝስ እኔ ራሴ በምን አበስላለሁ?» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ማታ ለአስካለ ስነግራት፣ «ውሃ ወቀጣ ነው» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ነዳጅ፣ ሞተር፣ ጎማ ቢሆን አንድ ነገር አደርጋለሁ። አየርን ግን በምን እይዘዋለሁ? እንዲህ አቅም አጥቼ አላውቅም።

ከማህሌት በር ፊት ለፊት የምትኖረው ለተብርሃን ትባላለች። ከሰሜን መጥታ ነው የተከራየችው፤ ስለ ባሏ አትናገርም፣ እኛም አንጠይቃትም። ፊት ለፊት ለሚሠራው ሕንፃ የቀን ሠራተኞች ምሳ እያበሰለች ትሸጣለች። ትልቅ ማንደጃ ኮሪደሩ ላይ፣ ልክ ሁለቱ በሮች መሃል ታስቀምጣለች፤ ትልቅ ብረት ድስት ሽሮ ይንተከተክበታል። ጡት የሚጠባ ልጅ ጀርባዋ ላይ አላት፤ ሁልጊዜ ከፀጉሩ በቀር አይታይም። ማህሌት በር በከፈተች ቁጥር፣ «እንዴት አደርሽ እህቴ፣ መቼ ነው የምትገላገዪው?» ትላታለች። ከሳምንት በፊት ማህሌት ስታልፍ ድንገት ሽሮው አምሯት ቆም ብትል፣ ሠራተኞቹ ሳይበሉ መጀመሪያ ለእሷ ጨልፋ ሰጠቻት። አስካለ ይህን ስለምታውቅ፣ «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ በምንም ነገር እንዳታስቀይማት» ብላ አስጠንቅቃኛለች።

ትናንት ግን አልቻልኩም። መብራት ከጧት ጀምሮ ጠፍቷል፤ ኮሪደሩ ላይ አዲስ የተለኮሰ ጥሬ ከሰል ይጨሳል። ማህሌት በረንዳ በሩ ላይ ተደግፋ፣ አንድ እጇን ደረቷ ላይ አንዱን ሆዷ ላይ አድርጋ ትተነፍሳለች። ያ የልጅነት ፉጨቷ ተመልሷል። ፓፉን ነፋች፤ አልረገበም፤ ደግማ ነፋች። ከንፈሯ ጠቆር ሲል ሳይ የአስካለንም ማስጠንቀቂያ፣ የራሴንም ይሉኝታ ረሳሁና ወጣሁ። «ለተብርሃን፣ ልጄ፣ ቅር እንዳይልሽ። ማህሌት አስም አለባት፤ ሐኪሞቹም ፅንሱ አንሷል ብለዋል። ይሄ ጢስ እየገባባት ነው። ከዚህ ዞር ብታደርጊልን...» ቁጣ ጠብቄ ነበር። ለተብርሃን ግን ፊቷ ልውጥ አለ። «ወይኔ! ምነው እስከ ዛሬ ሳይነግሩኝ አባባ! እኔ እንደዚህ መሆኗን መቼ አውቄ። ይቅርታ፣ በማርያም ይቅርታ!» አለችኝ። ወደ ታች ትወስደዋለች ብዬ ደረጃውን አየሁ፤ እሷም አየችው። አራት ፎቅ፣ ድስቱ፣ ማንደጃው፣ ጀርባዋ ላይ ያለው ልጅ። ድስቱን አወረደች፤ ጨርቅ ደርባ ማንደጃውን በሁለት ጆሮው አንሥታ ወደ ራሷ ቤት አስገባችው። ተመልሳ ድስቱን ወሰደች። «አሁን አይገባባትም» አለችኝና በሩን ዘጋችው። ወዲያው ደግሞ በበሩ ሥር፣ ከውስጥ፣ እርጥብ ጨርቅ እየተገፋ ስንጥቁን ሲሞላው አየሁ፤ ጢሱ ወደ እኛ እንዳይወጣ።

ኮሪደሩ ጠራ። ከኋላዬ ማህሌት በሩን ከፈት አድርጋ ቆመች፤ ረጅም ትንፋሽ ሳበች፣ ደገመችው፣ ፉጨቱም እየቀነሰ ሄደ። «አባዬ፣ ጢሱ ጠፋ እኮ! ምን ብለህ ነው ያሳመንካት? ተባረክ» አለችኝ። ከፊት ለፊት በር ውስጥ ሕፃኑ ሳለ። ቀጭን፣ ደረቅ ሳል ነው፤ ቆም ይልና እንደገና ይቀጥላል። ማህሌትም ሰማችው፤ ፈገግታዋ ጠፋ። ሄጄ የለተብርሃንን በር አንኳኳሁ።

«አቤት አባባ» አለችኝ ከውስጥ፣ ጨርቁን ላለማንሣት በሩን ሳትከፍት። «አሁንም ይሸታችኋል እንዴ?»